የአይሆንም አለቃ ትምህርት ቤት ሲያሠራ

ክሌይመር የምትባለው የአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት ከተማ ለትምህርት ቤቷ እድሳት ድምፅ እንድትሰጥ በተጠየቀች ቁጥር፣ ሎዌል ሃርናክና ሚስቱ ማርሊስ በአንድ ፒክአፕ ተሳፍረው ወደ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሄዱ ነበር። እሱ በአንዱ ጥግ ጎንበስ ብሎ «አይሆንም» የሚለውን ክብ ያጠቁራል፤ እሷ በሌላው ጥግ ጎንበስ ብላ «ይሁን» የሚለውን ታጠቁራለች። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ካፌ ይገቡና ቼሪ ፓይ የሚባል ፍሬ የተሞላ ኬክ ይበላሉ።

«ይኸው ዛሬም ድምፅሽ ድምፄን አጠፋው፤ ተጣፋን» ይላታል ሎዌል ሹካውን እያነሳ። «ድምፁን ትተን ፓዩን ብቻ በልተን ብንመለስ ምን ነበረበት?»

«አንተን አምኜ? እኔ ድስት ሳማስል በጓሮ ዞረህ ሰጥተህ ትመጣለህ።»

«አርባ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ አታምኚኝም?»

«አርባ ዓመት አብሬህ ስለኖርኩ ነዋ!»

በዚያ አገር ትምህርት ቤት ጣሪያ ማስጠገን ሲያምረው የመንግሥት ደጅ አይጠናም፤ የሚለምነው ጎረቤቱን ነው። ብድሩን ሕዝቡ ይፈቅዳል፣ ዕዳውም በየሰው ቤትና መሬት ግብር ላይ ይደፋል። ከመቶ ስልሳው «ይሁን» ካላለ ነገሩ የለም። ማርሊስ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የዚያው ትምህርት ቤት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስለነበረች ለምን «ይሁን» እንደምትል ማንም አይጠይቃትም። የሎዌል ግን የአንድ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሎዌል አጫራች ነው። በዚያ አውራጃ ገበሬ ሲሞት፣ ሲያረጅ ወይም ሲከስር፣ ትራክተሩን፣ ላሞቹን፣ የሚስቱን ሰርቪስ ሳህን ሳይቀር ጋሪ ላይ ቆሞ የሚሸጥለት እሱ ነው። ምላሱ ከመፍጠኑ የተነሳ «ሎዌል ሲጸልይ እግዜር ራሱ ‘እስቲ ቀስ በል’ ይለዋል» ይባልለት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተነስቶ «አይሆንም» ሲል ከተማው ይሰማል። የታወቀ ንግግርም ነበረው።

«አባቶቻችን ተምረውበታል፣ እኛም ተምረንበታል!» ይላል። «ከመሃላችን ደንቆሮ የወጣ አለ?»

«የለም!» ይላል ሕዝቡ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጥቂት ነበሩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «እናንተ ገበሬው ላይ ሳንቲም በጨመራችሁ ቁጥር፣ እኔ ጋሪ ላይ እወጣለሁ» ይላል። እዚህ ላይ የሚስቅ የለም፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ሎዌል ወጣት ሳለ፣ ባንክ የገበሬውን መሬት በሚለቅምበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ የታላቅ ወንድሙን የመርልን እርሻ በሐራጅ የሸጠው ራሱ ነበር። የለመነውም መርል ነው። «ባዕድ ከሚሸጠኝ አንተ ሽጠኝ፤ አንተ ቢያንስ ዋጋ ታወጣልኛለህ» አለው። ሎዌልም ጋሪው ላይ ወጥቶ፣ ከሕዝቡ ኋላ እጁን ኪሱ ከቶ የቆመውን ወንድሙን ላለማየት ቆቡን ወደ ግንባሩ ስቦ ሸጠ። ደህና ዋጋ አወጣለት፤ ለባንኩ ግን አልበቃም። መርል ወደ ዴሞይን ከተማ ሄዶ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሎዌል «ብድር» ወይም «ግብር» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ያ ኪስ የገባ እጅ ይታየዋል።

ስለዚህ «አይሆንም» የሚለው ለተንኮል አልነበረም። ችግሩ፣ ከተማው «አይሆንም» ብሎ የሚሰበሰብበት ሰፊ ቦታ ያው የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ብቻ መሆኑ ነው።

አንድ የጸደይ ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሎዌል ጣሪያው ምንም እንዳልሆነ ያስረዳ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። «አባቶቻችን ተምረውበታል» ከማለቱ አንድ ጠብታ ግንባሩ ላይ ጠብ አለች። ፈንጠር ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛዋ ተከተለችው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ረኔ ስቱር፣ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሳትቸኩል የምትራመድ ሴት፣ ከጓዳ ባልዲ አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

«ይቀጥሉ፣ ሚስተር ሃርናክ» አለችው።

ሎዌል ወደ ጣሪያው ቀና አለና፣ «አያችሁልኝ ወገኖቼ? ሚስስ ስቱር ሰው ጣሪያ ላይ አውጥታ ውሃ ታስደፋብኛለች!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሐሳቡ በዚያ ዓመትም ወደቀ። ባልዲው እየሞላ ሁሉም እየሳቀ ወደየቤቱ ገባ።

በማግስቱ ካፌው ውስጥ የልብ ጓደኛው ቨርጂል ኦልትማን አንድ ሐሳብ አመጣ። ቨርጂል አሳማ አርቢ ነው፤ ሰውነቱም ሐሳቡም ወፍራም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ውጭ ቆመህ በሩን ከምትገፋ ለምን ውስጥ ገብተህ አትቆልፈውም?» አለው። «ቦርዱ ላይ ክፍት ወንበር አለ። ግባና ዝጋልን።»

«ስብሰባ አልወድም።»

«ማንስ ይወዳል? ገብተህ ‘አይሆንም’ ብለህ ትወጣለህ። ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ሎዌል ተወዳደረ፤ አሸነፈም። የክሌይመር ሰዎች ለትምህርት ቤቱ ምንም እንዳይደረግለት የሚሠራ ሰው በከፍተኛ ድምፅ መርጠው የትምህርት ቤቱ ቦርድ ላይ አስቀመጡ።

የመጀመሪያ ሥራው ሕንፃው ደህና መሆኑን ማስመስከር ነበር። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልገኝም አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጎተራ፣ የሰው በረት፣ የሰው ቤት እየዞረ ዋጋ ሲተምን የኖረ ሰው ነው። አፉ በብዙ ቀልዷል፤ ዓይኑ ግን ዋሽቶት አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ረኔ ስቱርን ቁልፍ አስያዛትና መሰላል አቁሞ ከሰሜኑ ክንፍ ኮርኒስ በላይ ወጣ። እሷ ከታች መሰላሉን ይዛለች። ለማግባባት እንኳ አለመሞከሯ አናደደው።

በእጅ ባትሪ እያበራ ዋናውን ተሸካሚ እንጨት አገኘ። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ከኪሱ ሰንጢውን አውጥቶ፣ ጎተራ ሲመረምር እንደሚያደርገው፣ ጫን አለው። ሰንጢው ዳቦ የወጉበት ያህል እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ገባ። ባትሪውን ወደ መሰላሉ መለስ አደረገና፣

«ሚስስ ስቱር» አለ።

«አቤት።»

«ከዚህ በታች ያለው ክፍል የማነው?»

«የመዋዕለ ሕፃናቱ።»

«ልጆቹ ዛሬ የሉም እንዴ? ድምፅ አይሰማም።»

«አሉ። የቀን እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ከእግርዎ ሥር።»

ሎዌል ሰንጢውን እንጨቱ እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ቀስ አድርጎ ነቀለው። ከመሰላሉም ደረጃውን በእግሩ ጫፍ እየፈተነ ወረደ። ጋሪ ላይ ቢወጣ ኖሮ ይህን ቤት «ለማገዶ የሚሆን» ብሎ እንጂ በሌላ ስም እንደማይሸጠው ያውቃል። ረኔ ትከሻው ላይ የወደቀውን ትቢያ አራገፈችለት።

እቤት ሲደርስ ማርሊስ ድንች ትልጥ ነበር።

«ያንቺ ክፍል ጣሪያ በስብሷል» አላት፣ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሎዌል፣ በየክረምቱ ያንጠባጥባል ስልህ አልነበረም?»

«ያንጠባጥባል ነው ያልሽኝ። በስብሷል አላልሽኝም።»

«ሲያንጠባጥብ የከረመ እንጨት ምን ይሆናል ብለህ ነበር? ይጠነክራል?»

ሎዌል ያን ዕለት ራቱን ትቶ ወደ ዴሞይን ስልክ ደወለ። ከሁሉ የከበደው ወንድሙ ነበር። በመርል ዕዳ የማለ ሰው በምን አፉ ሰውን ለብድር ይለምናል?

«መርል፣ እንዳትቀየመኝ» አለ። «ለትምህርት ቤቱ ብድር ይፈቀድ ብዬ ሕዝቡን ልጠይቅ ነው። የገበሬው ግብር ይጨምራል። ያንተ ነገር እያለ…»

«የእኔ የምን ነገር?»

«እርሻህ ነዋ። ግብር ገድሎህ…»

ከወዲያ በኩል መርል መሳል ይሁን መሳቅ ያልለየለት ድምፅ አሰማ።

«ግብር ማን አለህ? እኔ የከሰርኩት በኮምባይነር ነው! የድሮው እየሠራ ሁለት አዲስ ኮምባይነር በብድር ገዛሁ። ራስህ አይደለህ እንዴ የሸጥካቸው፣ ረሳኸው?»

«ሁለት ነበሩ እንዴ?»

«ሁለት! ቀይ፣ እንደ ቲማቲም የሚያብረቀርቁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ለመሆኑ እስከ ዛሬ በእኔ ስም ስትሟገት ኖረህ ነው?»

ሎዌል ስልኩን ዘጋ። ዕድሜውን ሙሉ የያዘው እምነት ያረፈበትን መሠረት ፈልጎ ያገኘው ሁለት ቀይ ማሽን ነው። ማርሊስ ድንቹን አሙቃ አቀረበችለት፤ ሳቋን ግን ወደ ምድጃው ዞራ ነው የጨረሰችው።

በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ሎዌል ተነስቶ፣ የበሰበሰ ማደስ ስለማይሆን አሮጌው ፈርሶ አዲስ የሚሠራበት ብድር ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ አለ። ካፌው ወሬውን የሰማው እሱ ከመድረሱ በፊት ነበር። ሲገባ ወንበሩ ላይ ቨርጂል እግሩን ሰቅሎ ጠበቀው።

«ምን አበሉህ እዚያ? ኩኪስ ነው ወይስ መርፌ ነው የወጉህ?»

«ቨርጂል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ና እስቲ አብረን እንውጣና አንተም እይ።»

«እኔ አላይም!»

«ለምን?»

«አንተ አይተህ ምን እንደሆንክ እያየሁ ነዋ!»

ካፌው አወካ። ሎዌልም ሊስቅ ሞከረ። ይህን የመሰለ መልስ ማን እንዳስተማራቸው ያውቀዋል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናውንም የሠራው፣ አፉንም የሞላው ሎዌል ራሱ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ቨርጂል ፒክአፑን ይዞ የሎዌል ጎተራ ደጅ ቆመ። ሎዌል በየምርጫው በየሰው ደጅ የሚተክላቸው፣ በትልልቁ ቀይ «አይሆንም!» የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች እዚያ ተደርድረዋል።

«መቼም ከእንግዲህ አትፈልጋቸውም» አለ ቨርጂል፣ ትንሽ አፍሮ። «አዲስ ማሠራት ደግሞ ብክነት ነው። ብክነት እንደማትወድ አውቃለሁ።»

«ውሰዳቸው» አለ ሎዌል፤ ጭነትም አገዘው። እንጨታቸውን ሲመርጥ ዝናብ እንዳያበሰብሳቸው ብሎ ዝግባ ነበር የመረጠው።

ከዚያ ልመናው ተጀመረ። ሎዌልና ረኔ ስቱር ቤት ለቤት ዞሩ። እሷ ትናገራለች፤ እሱ ሰው እንደሚያምነው ተስፋ አድርጎ አጠገቧ ይቆማል። አንዳንዱ ቡና ያቀርባል፣ ስለ አኩሪ አተሩ ዋጋ ይጫወታል፣ ጣሪያው ሲነሳ ሰዓቱን ያያል። ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንዲት ባልቴት ግን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ጥሩ ነው ልጆቼ» አሉ። «ግን አንድ ጨዋ ሰው፣ ‘ገበሬው ላይ ሳንቲም በጨመራችሁ ቁጥር እኔ ጋሪ ላይ እወጣለሁ’ ሲል ሰምቻለሁ። ከልቤ አልወጣም።»

«እሜቴ፣ እሱ እኮ እኔ ነኝ» አለ ሎዌል።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አይ» አሉ። «እሱ ጨዋ ሰው ነበር።» ብድግ ብለው ገቡና በሩን በቀስታ ዘጉት።

ረኔ እስከ መኪናው ድረስ አልሳቀችም። መኪናው ውስጥ ግን መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ሎዌልም አብሯት ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የድምፁ ቀን ደረሰ። ሎዌልና ማርሊስ እንደ ልማዳቸው በፒክአፑ ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ክብ ነበር የሚሄዱት። ማርሊስ ቀድማ ጨርሳ ካፌ ገብታ ፓይ አዘዘች። ሎዌል ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ? ደረትህን ነው?»

«እጄን ነው።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

ሎዌል ግራና ቀኝ አይቶ ጠጋ አላት። «አይሆንምን አጠቆርኩ።»

«ምን?»

«ቀስ በይ! ሳላስበው ነው። እጄ ራሱ ሄደ። የድምፅ መቁጠሪያው ማሽን ወረቀቱን ከዋጠው በኋላ ነው ያወቅሁት። መልሱልኝ አልል ነገር፣ ምን ብዬ?»

ማርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷን በናፕኪን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አስተናጋጇ ታለቅሳለች ብላ ውሃ ይዛ መጣች።

«ተጣፋን» አለች ማርሊስ መተንፈስ ሲመለስላት፣ እንባዋን እየጠረገች። «ዛሬም ተጣፋን እኮ፣ ሎዌል!»

ሐሳቡ ወደቀ። ከግማሽ በላይ ሰው «ይሁን» ብሏል፤ ስልሳው ግን አልሞላም። የጎደለው ጥቂት ነበር፤ ደግነቱ አንድ አልነበረም። ማርሊስ ይህንኑ መጽናኛ አድርጋ አቀረበችለት፦ «አይዞህ፣ እጁ የለመደበት ሌላም ሰው አለ ማለት ነው።» ሎዌል ግን ብዙ ቀን ቀኝ እጁን በጥርጣሬ ሲያይ ሰነበተ።

ሕጉ ለጥቂት ወራት ታግሶ እንደገና መጠየቅን ይፈቅዳል። በዚያ መሃል ሎዌል ብራንት በምትባለው ጎረቤት ከተማ ጨረታ ነበረው። ብራንት ከክሌይመር ትልቅ ናት፤ ያንንም አትደብቅም። በቅርጫት ኳስ ሁለቱ ከተሞች አያቶቻቸው ሳይወለዱ ጀምሮ ደመኞች ናቸው፤ የብራንት ማሊያ ቢጫ፣ የክሌይመር ሰማያዊ ነው። በክሌይመር ቢጫ መኪና የሚነዳ የፖስታ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሌላ ክፍለ ሀገር ስለመጣ ይቅር ተብሎለታል።

ጨረታው አብቅቶ ሎዌል ጉሮሮውን በውሃ ሲያርስ ዱዌን የሚባል የብራንት መኖ ነጋዴ ትከሻውን መታ አደረገው።

«ሎዌል፣ ለምን ትደክማለህ?» አለው እየሳቀ። «ጣሪያችሁ ሲወርድ ልጆቹን ወደኛ ስደዱልን። ክፍል ሞልቶናል። ቢጫ ማሊያም አናጣላቸው!»

ሎዌል ሳቀለት። ቃሉን ግን ይዞት ሄደ። ክሌይመር ሲደርስ ካፌ ገብቶ ለቨርጂል የሰማውን ነገረው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ቨርጂል ወደ አፉ የወሰደውን ሲኒ መልሶ አስቀመጠ።

«ቢጫ?» አለ።

«ቢጫ ነው ያለው።»

«የእኔ የልጅ ልጅ? ካረን? ቢጫ ልትለብስ?»

«ቀልዱን እኮ ነው፣ ቨርጂል።»

ቨርጂል ግን ሂሳቡን እንኳ ሳይከፍል ወጥቶ ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ማሊያዎቹ ተሰፍተው አልቀዋል ተባለ። ሰኞ ቁጥር ተለጥፎባቸው ነበር። በሳምንቱ አጋማሽ የብራንት አሠልጣኝ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ቆሞ የልጆቹን ቁመት በዓይኑ ሲለካ ያየው ሰው ተገኘ። ሎዌል በሄደበት «ኧረ ሰውዬው ቀልዶ ነው!» ይላል፤ ሰው ደግሞ «አይ ሎዌል፣ አንተ ደግ ስለሆንክ ነው» እያለ ያልፈዋል። ጣሪያው እውነት ሆኖ ማንም አላመነውም፤ ማሊያው ቀልድ ሆኖ የተጠራጠረው ጠፋ።

ረኔ ስቱር ቢሮዋ አስጠርታ አስቀመጠችው።

«ይሄን የማሊያ ወሬ ያስነሱት እርስዎ ነዎት፣ ሚስተር ሃርናክ?»

«የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ከዚያ በኋላ የራሱን እግር አወጣ።»

«ወጥቼ ማስተባበል አለብኝ?»

ሎዌል ወደ መስኮቱ ዞረ። በመስኮቱ በኩል የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ይታያሉ።

«ሰው ከጠየቀዎት እውነቱን ይንገሩት» አለ በመጨረሻ።

«እስከ አሁን የጠየቀኝ የለም።»

«እንግዲያውማ።»

ሁለቱም ጫማቸውን አዩ። በሁለቱም ዘንድ ኩራት አልነበረም።

ቨርጂል ሰሌዳዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ጎተራው መለሳቸው፤ ቀለምና ብሩሽም ይዞ መጣ። «አይሆንም!» የሚለውን ለማጥፋት ነው ብሎ ሎዌል ሊያግዘው ሲል ቨርጂል እጁን ያዘው።

«እሱን አትንካ! ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሰዉ ለምዶታል።»

ከላዩ ባለው ባዶ ቦታ «ቢጫ ማሊያ?» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ ከተማዋ በሙሉ «ቢጫ ማሊያ? አይሆንም!» ስትል ዋለች። የክሌይመር ሰው እንደ ልማዱ «አይሆንም» እያለ፣ በዚያው ቁጣው ምድር ቤት ገብቶ «ይሁን» የሚለውን አጠቆረ። ሎዌል በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይዞ ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ከማስገባቱ በፊትም ሦስቴ አነበበው።

ስልሳው ሞላ፤ ተርፎም ፈሰሰ። ካፌው ውስጥ ማርሊስ የባሏን ፓይ ግማሽ ወደ ራሷ ሳህን ወሰደች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነን አይደል?» አለችው።

አሮጌው ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ውስጡ ያለው ዕቃ በጨረታ እንዲሸጥ ተወሰነ። አጫራቹ ማን ሊሆን ነው? አንድ ሞቃት ቅዳሜ ሎዌል የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጋሪ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን መጥቷል። ሎዌል ዕቃውን ሲያይ ልቡ ፈርቶ ነበር፤ የተሰነጣጠቀ ዴስክ፣ የዛገ ማሞቂያ፣ እግር የሌለው ፒያኖ። ማን ይገዛዋል?

የመጀመሪያውን ዴስክ ሲያነሳ ግቢው ተናወጠ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደርብበታል። ለጣሪያው ሰባራ ሳንቲም አንሰጥም ያሉት ሰዎች ለአንድ ግማሽ ጡብ ተናነቁ። እኒያ «ጨዋ ሰው» የሚያውቁት ባልቴት በጃንጥላቸው እየጠቆሙ የጥቁር ሰሌዳ ቁራጭ ወሰዱ። ቨርጂል የወንዶቹን መጸዳጃ ቤት በር ለመግዛት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር ተፋጠጠ፤ ሐኪሙ እጁን ሰጠ። በሩ ላይ ቨርጂል በልጅነቱ በሚስማር የጫረው ስሙ አለ፤ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

«የት ልታደርገው ነው?» አለው ሎዌል ከጋሪው ላይ ሆኖ።

«እኔ እንጃ!» አለ ቨርጂል፣ በሩን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሎዌል፣ እንዴት ያለ ትምህርት ቤት ነበር!»

ሎዌል በዕድሜው ብዙ ሰው ንብረቱ ሲሸጥ ሲያለቅስ አይቷል፤ ሲገዛ የሚያለቅስ ግን ማየቱ የመጀመሪያው ነበር። ማርሊስ ከሥር ውሃ አቀበለችው።

በዓመቱ አዲሱ ሕንፃ ቆመ። በዚያው መኸር የሎዌል የቦርድ ዘመን አብቅቶ እንደገና ተወዳደረ፤ ሥራውን ወዶት ነበር። አንድ ወጣት የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ «ግብራችሁን ማን እንዳስጨመረ ታውቃላችሁ!» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ተነሳና በሰፊ ልዩነት ጣለው። ማርሊስ ያዝናል ብላ ጠብቃ ነበር። ሎዌል ግን ልጁ ንግግሩን ሲያደርግ ቆሞ ሰምቶት ስለነበር፣ «ጥሩ ድምፅ አለው፤ ዝቅ የሚያደርግበትን ቦታ ግን አያውቅበትም» ብቻ አለ።

በክረምቱ አዲሱ አዳራሽ ተመረቀ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ከብራንት ጋር ነበር። ሎዌል፣ ማርሊስና ቨርጂል ጎን ለጎን ተቀምጠው ፋንዲሻ ይዘዋል። የቨርጂል የልጅ ልጅ ካረን በሰማያዊ ማሊያ ትሮጣለች።

«ሎዌል፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣም?» አለ ቨርጂል ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል።

«ንገረኝ።»

«የኢንሹራንሱን ልጅ ነው የመረጥኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ግብሬን አስጨመርክብኛ! ጓደኛዬ ብትሆንም መርህ መርህ ነው።»

«አውቃለሁ ብዬህ የለ? ፋንዲሻውን ወዲህ በለው።»

ብራንት ክሌይመርን ድምጥማጧን አጠፋቻት። በእረፍቱ ሰዓት ልዩነቱ ለማየት የሚያሳፍር ሆኖ ነበር። ቨርጂል አጎንብሶ የሚያብረቀርቀውን አዲስ እንጨት በጥርጣሬ አየው፤ በጫማው ጫፍ ፈተገው።

«እኔ እኮ ይሄ ወለል አላማረኝም» አለ። «ያንሸራትታቸዋል። በጊዜ ካልተቀየረ እነዚህ ልጆች መቼም አያሸንፉም።»

ማርሊስ በአንድ በኩል፣ ሎዌል በሌላ በኩል ሆነው ቀስ ብለው ዞረው አዩት። ቨርጂል ቀልዱን አልነበረም።